ግማሽ ሪዝ

ሰው እንቅልፉን እንደ መብራት ማብራትና ማጥፋት ከቻለ ወዲህ ፀጉር ቤቱ ጭር ብሏል። ገበያ አልጠፋም፤ ሦስቱም ወንበሮች ይሞላሉ። የጠፋው ወሬ ነው። ደንበኛው ይቀመጣል፣ "እንደ ወትሮው" ይላል፣ ከጆሮው ጀርባ ያለችውን ስርጉድ ቦታ በጣቱ ጫን ያደርጋል፤ ድርግም! የሚነቃው ወይ ያሰበው ሰዓት ሲደርስ ነው፣ ወይ ያቺ ቦታ ስትነካ። ስለዚህ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮ አካባቢ ሲደርስ ትንፋሹን ይውጣል።

"ድሮ አንድ ሰው ተስተካክሎ እስኪነሳ ጠባዩን አውቀው ነበር" ይላል። "አሁን የማውቀው ማጅራቱን ነው።"

ሴት ልጁ ስለምታገባው ሰው ስትነግረው፣ "ወንበሬ ላይ ይቀመጥ። ሳላውቀው እሺ አልልም" አላት።

ወጣቱ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "እሺ፣ እስቲ ስለ ራስህ..." ከማለቱ የወጣቱ ጣት ከጆሮው ጀርባ ገባ። ድርግም።

ፀጉር አስተካካዩ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ጥፍሩ ንጹሕ ነው። ያለቀው የሸሚዝ ኮሌታ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ደግ ነው፤ ግን ሰው በኮሌታ አይታወቅም። ምላጩን አነሳና የሪዙን የቀኝ ግማሽ ሙልጭ አደረገው። ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ነካው።

ወጣቱ መስታወቱን አይቶ ዘለለ። "ጋሼ! ምነው?"

"የቀረው የሚላጨው ለነቃ ሰው ነው።"

"ነገ እኮ ፎቶ እንነሳለን!"

"እንግዲያው ቶሎ አውራኝ። ምን አስተኛህ?"

ወጣቱ አንገቱን አከከ። "እሷ ናት። 'አንዴ ከጀመርክ ማቆሚያ የለህም፣ አባዬን ታሰለቸዋለህ፤ ዝም ብለህ ተኛ' ብላኝ ነው።"

"ታወራለህ እንዴ?"

"እኔ? ኧረ ጋሼ..." ብሎ ጀመረ። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ተኳርፈው ሳለ በሁለት ፎቅ መሀል ስለተዘጋባቸው ባልና ሚስት፣ በሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ሲጠግን ጭቅጭቃቸውን ሰምቶ በስንጥቁ በኩል ሽምግልና እንደገባ ይተርክ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ሲንፈራፈር ክርኑ አጠገቡ ባለው ወንበር የተኛውን ደንበኛ ከጆሮው ጀርባ ነካው። ሰውዬው ነቃ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ መልሶ መተኛት እምቢ አለ።

ልጅቱ በበር ብቅ ስትል የእጮኛዋን ፊት አየች። "አባዬ! ምን አደረግከው?"

"ያንቺ ነው፤ እሺ ብያለሁ።"

"እና ሪዙን ጨርስለታ!"

አባቷ ምላጩን አጥቦ ወደ መሳቢያው መለሰው።

"ምን አስቸኮለሽ፣ ልጄ? ሰዎቹ ገና ከሊፍቱ አልወጡም።"