ድልድዩን ንገሪው

ዩወን አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ አይሆንላትም። ከእናቷ ጋር ታይዋን፣ ኪሉንግ ወደብ ላይ ከተሳፈረች ጀምሮ እግሯ አላረፈም። ከመርከቡ አፍንጫ እስከ ጭራው ስትመላለስ ያያት አስተናጋጅ ዕቃ የጠፋባት መስሎት ምን ላፈላልግሽ ብሎ ጠየቃት። ምንም አልጠፋባትም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ከአርባ ዓመቷ በፊት ሁለት ባልና አምስት መሥሪያ ቤት የቀያየረችውም በዚሁ አመሏ ነው እያሉ ዘመዶቿ ያሟታል።

መርከቡ ወደብ በነካ ቁጥር አብዛኛው ተሳፋሪ ደረቱ ላይ ተለጣፊ ለጥፎ፣ ባንዲራ የያዘችውን አስጎብኚ ተከትሎ አውቶቡስ ይገባል። ዩወንን ይሄ ያንገፈግፋታል። ገንዘብ ከፍሎ ደግሞ መነዳት ምን የሚሉት ነው ትላለች። እሷ ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ፣ የሁለቱንም ፓስፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ እናቷን አስከትላ በራሷ መንገድ ትወጣለች። አንድ ችግር ብቻ አለው። አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የወጣ ሰው ከዘገየ ግን ቀረ ነው፣ መርከቡ ዞር ብሎም አያየውም።

ጃፓን፣ ናጋሳኪ ላይ አሮጊት እናቷን ከትራም ትራም እያወጣች እያወረደች፣ ዳገቱን ሁሉ ስታስወጣቸው ዋለች። እናቷ ወይዘሮ ቢሺያ ጉልበታቸውን እያሹ ተከተሉ እንጂ አላጉረመረሙም። ለወትሮው ከቤታቸው እስከ ገበያ ለመሄድ እንኳ የሚነጫነጩ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቡሳን የምንደርሰው መቼ ነው አሉ። ይህችን ጥያቄ ማታ ራት ላይም ደገሟት።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ለሁለት ሰው ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ካልሆነ አልሄድም ያሉት እሳቸው ናቸው። ሻንጣ ይቀመጥበታል ብላ ዩወን ተስማማች። ሻንጣዋን ሦስተኛው አልጋ ላይ ስታስቀምጥ ግን እናቷ አንስተው መሬት ላይ አኖሩት።

ኮሪያ፣ ቡሳን የገቡ ዕለት ሁሉም ነገር ታወቀ። መርከባቸው የቆመው ዮንግዶ ደሴት ጫፍ ላይ ነው፤ ከተማውና ዓሣ ገበያው ከድልድዩ ማዶ ናቸው። ታክሲ ውስጥ እንደገቡ ወይዘሮ ቢሺያ ጭናቸው ላይ ያለውን ከረጢት ፈቱት። በላስቲክ የተጠቀለለ የወንድ ሸሚዝ፣ የዕጣን ዘንግ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀይ እንጨቶች አሉበት። ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ጥቁር ዣንጥላም ይዘዋል።

«ዓሣ ልንበላ አይደል እንዴ የምንሄደው?» አለች ዩወን።

«ዓሣውን ብዪ፣ ማን ከለከለሽ። እኔ አባትሽን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ዩወን አባቷን አታውቀውም። ኩንሹ የዓሣ መርከብ ሠራተኛ ነበር። እሷ ገና የእናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች፣ እዚሁ ቡሳን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር፣ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ሲሻገር አዳልጦት ባሕር ገባ። አስከሬኑ እዚሁ ተቃጥሎ አመዱን ጓደኞቹ ይዘውት መጡ። እርጉዝ የነበረችው ደሃ ሚስቱ ባሕር ተሻግራ የምትመጣበት አቅም አልነበራትም። ዩወን ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ፎቶግራፍ እያየች አደገች፤ አባ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ የምትጠራው ሰው አልነበራትምና።

ዘንድሮ ኩንሹ በሕልም ይመጣ ጀመር አሉ እናቷ። ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ በር ላይ ይቆማል፣ ግባ ቢሉት አይገባም። የሰፈራቸውን መቅደስ ሽማግሌ ሲያማክሩ ነገሩ ግልጽ ሆነ። አመዱ ቢመጣም የሞተበት ቦታ ድረስ ሄዶ ነፍሱን የጠራ የለም፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ እዚያው ወደቡ ዳር ቆሟል ማለት ነው።

«ለምን ቤት እያለን አልነገርሽኝም?»

«ትስቂብኛለሻ። ጉልበቴ ደግሞ ከዳኝ፣ ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም። ስሞት ነፍሱ ከሌለበት የአመድ ዕቃ ጎን ልታስቀምጪኝ ነው?»

ዩወን ንዴትም ፍርሃትም ገባት። ይህን የመሰለ ነገር አታምንም፣ እንዳትስቅበት ደግሞ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ሸሚዙን እየዳበሱ ነው። ታክሲው ድልድዩን ሲሻገር ወይዘሮ ቢሺያ በጣታቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። በመልሱ እዚህ ላይ ሊነገረው ይገባል አሉ፤ የሞተ ሰው ሳይነገረው ውሃ አይሻገርም። መታጠፊያ ሲመጣ መታጠፊያ ነው፣ መኪና ሲገባ መኪና ነው፣ ድልድይ ሲደረስ ድልድይ ነው ካላሉት እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ገበያው ጀርባ፣ መርከቦቹ የሚታሰሩበት ግንብ ዳር ሸሚዙን ዘረጉ፣ ዕጣኑን ለኮሱ። ጭሱ ወደ ዓሣው ሲነፍስባቸው አንዲት ነጋዴ እስከ ክርናቸው በሚደርስ የጎማ ጓንት እጃቸውን እያወናጨፉ መጡ። የሚሉት ባይገባም ስድብ መሆኑ ያስታውቃል። ዩወን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴትዮዋ ግን መሬት ላይ የተነጠፈውን የወንድ ሸሚዝ ሲያዩ አፋቸውን ዘጉ። ሄደው ጠርሙስ ይዘው ተመለሱና አንድ ብርጭቆ አረቄ ባሕሩ ውስጥ ደፍተው፣ ተመልሰው ዓሣቸውን መዘልዘል ቀጠሉ።

ወይዘሮ ቢሺያ እንጨቶቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሟቹ የሚመልሰው በነሱ ነው፤ ጠፍጣፋው ጎናቸው ሆድ፣ ያበጠው ጀርባ ይባላል። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ከወደቀ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ከተወዛወዙ እየሳቀ ነው፤ በሆዳቸው ከተደፉ እምቢ ማለት ነው።

ኩንሹን በስሙ ጠርተው፣ ሚስትህ ነኝ፣ ቤት እንሂድ ብለው ጣሉ። እምቢ አለ። ዳግም ጣሉ፤ ሳቀ። ርቦት ይሆናል ብለው ብስኩት አስቀመጡለት፣ አሁንም እምቢ። የዩወን ዓይን ስልኳ ላይ ነው፤ ሰዓቱ እየሄደ፣ የመርከቡ መሰላል የሚነሳበት ጊዜ እየቀረበ ነው። አላስቆም አላስቀምጥ ብሏት ከግንቡ ጫፍ እስከ ሸሚዙ ትንጎራደዳለች።

«በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር» አሉ እናቷ በብስጭት። «ራት ቀርቦ ሾርባው ሲቀዘቅዝ እንኳ ካልተለመነ አይመጣም። ግትር!»

እንደገና ጣሉ፤ ሳቀባቸው። ያን ጊዜ አሮጊቷ እንጨቶቹን ከመሬት ማንሳት ተዉ። ዕድሜዬን አይቶ አላወቀኝም መሰለኝ፣ ጥሎ የሄደው ወጣት ሚስት ነበር አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ዩወን ይህን ማየት አልቻለችም። እንጨቶቹን ከመሬት ለቀም አድርጋ፣ ለማን እንደምትናገር እንኳ ሳታስብ፣ «መርከቡ ሊሄድ ነው፤ የምትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ና» ብላ ወረወረቻቸው።

አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው።

ወይዘሮ ቢሺያ ጎንበስ ብለው እንጨቶቹን አዩ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፣ በሳቁ መሃል ዕንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«እኔን ሲያሾፍብኝ ውሎ ለቁጣሽ ታዘዘ። በይ እንግዲህ፣ የመለሰው ላንቺ ነው፣ መሪውም አንቺ ነሽ። መንገዱን ሁሉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፤ የኔን ድምፅ አይሰማም።»

ዣንጥላውን ዘርግተው ጥላው ሸሚዙ ላይ እንዲያርፍ አደረጉ፤ ነፍስ ፀሐይ አይችልም። ዩወን መታጠፊያው ላይ መታጠፊያ ነው አለች፣ በሹክሹክታ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳይሰማት ወደ መሬት አጎንብሳ። ታክሲው በር ላይም መኪና ነው አለች። መኪና ውስጥ ዣንጥላ እንደተዘረጋ አይገባምና ሹፌሩ ተናደደ። እናቷ ግማሹን አጥፈው፣ ሸሚዙን ከሥሩ አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪና ያዞራቸዋል።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ በመስታወቱ ያያታል። ጎልማሳ ነው፣ አፉ ጥግ ላይ የፌዝ ፈገግታ ያለች መሰላት። ዩወን አፏን ከፈተች። ስልኳ ደግሞ ጮኸ፤ መርከቡ ተሳፋሪዎቹን እየጠራ ነው። ስልኩን አየች፣ ሹፌሩን አየች፤ ድልድዩ ሽው ብሎ አለቀ። አፏን ዘጋችው።

ከዚያ እስከ ተርሚናሉ በር ያለው መንገድ እሾህ ላይ የተቀመጠች ያህል ሆነባት። ምን ይሁን አለች ለራሷ። ሸሚዝ ነው፣ እንጨት ነው። የዓሣ ሽታና ጭስ ነው።

መሰላሉ ፊት ለፊት ይታያል፣ ገና አልተነሳም። የመጨረሻዎቹ ባለ ተለጣፊዎች ከአውቶቡስ እየወረዱ ነው። ወይዘሮ ቢሺያ በተዘረጋው ዣንጥላ ሥር ላለው ቀስ ብለው ቦታ ለቀው ቆሙና፣ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፈክቶ፣ መርከቡ ላይ አልጋ ይዤለታለሁ፣ በመስኮቱ በኩል ነው አሉ። ከዚያ ጠየቁ።

«ድልድዩን ነገርሽው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ብትል እናቷ ሦስተኛውን አልጋ አንጥፈው፣ ሰው ያለበት መስሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። ማን ያውቃል? ማንም። ዩወን ግን ያን የፈካ ፊት እያየች መዋሸት አልቻለችም።

«አልነገርኩትም እማ። አፈርኩ።»

«ማንን?»

«ሹፌሩን።»

«ሹፌሩ የኛን ቋንቋ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

ወይዘሮ ቢሺያ አልተቆጡም። ዣንጥላውን ቀስ ብለው አጠፉት፤ ከሥሩ ማንም አልነበረማ። ዩወን ቢሰድቧት፣ በጥፊ ቢመቷት በወደደች። እናቷ ግቢ አንቺ፣ ሥራ አለብሽ፣ እኔ ተመልሼ አመጣዋለሁ አሉና በዚያ ጉልበታቸው ወደ መጡበት መንገድ ዞሩ።

ዩወን መርከቡን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ቀድማ የምትሄድ፣ የዘገየን ሁሉ ጥላ የምትሄድ ሴት ናት። ሮጣ እናቷ ላይ ደረሰችና ዣንጥላውን ከእጃቸው ነጠቀች።

«ካንቺ አይሰማም ብለሽ የለ? ነይ።»

ሌላ ታክሲ ወደ ማዶ አሻገራቸው። በመልሱ መስመር ግን መኪና ተጨናንቆ ቆሟልና የድልድዩ አፍ ላይ አውርዷቸው ሄደ። ዩወን እንጨቶቹን ጥላ አባቷ እዚያ መኖሩን ልትጠይቅ ነበር፤ እናቷ እጇን ያዙ። መጠየቅ አያስፈልግም፣ ግትር ነው እንጂ ጥሎ የሚሄድ ሰው አይደለም፣ የት እንደጠፋን ሳያውቅ ቆሞ እየጠበቀ ነው አሉ።

ዩወን ዣንጥላውን ዘረጋች። ከሥራ የሚመለስ ሰው በአጠገባቸው ይጎርፋል። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባ» አለች።

ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ሁለት ተማሪዎች ዞረው አዩዋት። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አባ፣ ድልድይ ነው። እኔ ዩወን ነኝ፣ ልጅህ። ቅድም ጥዬህ ሄጄ ነበር፤ ይቅር በለኝ። አሁን አብረን ነን። ቀስ እያልን ነው የምንሄደው፣ እማዬን ጉልበቷን ያማታል።»

ተራመዱ። ዩወን ያያትን ሰው ሁሉ ሳታፍር እያየች፣ ግራው ባሕር ነው፣ ቀኙ ባሕር ነው፣ አትፍራ፣ ከሥራችን ጠንካራ ነው እያለች ነገረችው። የድልድዩ ወገብ ላይ ሲደርሱ ከደሴቱ ኮረብታ ጀርባ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ። ረጅም ነበር።

ዩወን ቆመች። «ሄደ እማ። መርከባችን ሄደ።»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለሱ ንገሪው እንጂ። ወዴት እንደምንሄድ ግራ ገብቶት ይሆናል።»

ዩወን ዣንጥላውን ወደ ባዶው ጎን አዘነበለችው፤ ፀሐዩ ግማሽ ፊቷን መታት።

«አባ፣ መርከቡ አምልጦናል። ጥፋቱ የኔ ነው። ድልድዩን መልሰን ልንሻገር ነው፣ ስናመላልስህ አትቀየመን። ነገ በአውሮፕላን ነው የምንሄደው።»

ወይዘሮ ቢሺያ የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም» አሉ። «በመስኮቱ በኩል አድርጊው።»

ዩወን እሺ አለች። ከዚያ ዞራ፣ መስኮቱ የሱ መሆኑን ለአባቷ ነገረችው።