የቲቸር ወንበር

"ቦርቦሪግመስ!" አለ ኢርፋን ባጃጁን እየጠመዘዘ። "ሆድ ሲጮህ በእንግሊዝኛ የሚባለው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ባቲ ገበያ የአንድ ግመል ሆድ ሲያጓራ፣ ሰዉ ሁሉ ነጎድጓድ መስሎት ጥላ ዘረጋ። ወላሂ!"

"ተው፣ በውሸት አይማልም" አለችው ከኋላ የተቀመጠችው መሊካ። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ የመድኃኒት ፌስታሏን አቅፋ መንገዱን ታያለች።

ከሚሴ ውስጥ ኢርፋንን "ዲክሽነሪ" ነው የሚሉት። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ውሸቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። አባቱ ሞተው ትምህርቱን ሲያቋርጥ፣ የመሊካ አባት ቲቸር አብዱልጀሊል "ሰሌዳውን ብታጣ ይኼ ይኑርህ" ብለው የራሳቸውን መዝገበ ቃላት ሰጡት። ሽፋኑ ረግፎ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ እስከ ዛሬ ከባጃጁ ወንበር ስር አለ። ኢርፋን ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ ቢስሚላህ ይልና ቀጥሎ ለቲቸር ዱዓ ያደርጋል። በዚህ እንኳን አይዋሽም።

"ቲቸር እንዴት ናቸው?"

"ያው ናቸው። ደም ግፊቱ ከጣላቸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሐኪሙ 'ምላሳቸው ካልሠራ እንደተሳሰረ ይቀራል፣ አናግሯቸው' ብሎናል። እሳቸው አይሞክሩም፤ ጠያቂው ደግሞ አያስሞክራቸውም።"

እውነቷን ነበር። ሲደርሱ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። አንዱ "ተሻለዎት ወይ?" ሲል ሌላው ቀድሞ "አልሀምዱሊላህ፣ ተሽሏቸዋል" ይላል። "ውሃ ይፈልጋሉ?" ሲባል "አይ፣ አሁን ጠጥተዋል" ይባላል። በሽተኛን ማስቸገር ነውር ስለሆነ ሁሉም ስለ እሳቸው ይናገራል። ቲቸር ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለዋል።

ከአልጋው አጠገብ የድሮዋ የክፍል ወንበራቸው ቆማለች። በየማለዳው አንድ እንግዳ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር፤ አስተካክሎ ያነበበ እስከ ደወል ድረስ እዚያች ወንበር ላይ ይነግሣል። ኢርፋን አንድም ቀን አልተቀመጠባትም። የተበላሸ አነጋገር ሲሰሙ ግን ቲቸር ጥርሱን እንደታመመ ሰው ይሆኑ ነበር፤ ሳያርሙ ምሳም አይበሉም ነበር።

ኢርፋን ይኼን ሲያስታውስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቲቸር! ቪክቹዋልስ በልተዋል?"

ጠያቂው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"ምን አባቱ ነው እሱ?" አሉ ጎረቤታቸው ሐጂ ሰልማን።

"ምግብ፣ ስንቅ ማለት ነው። ለንደን ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ቪክቹዋልስ ነው የሚለው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

የቲቸር ቅንድብ ተነሳ።

"ያ ጉርባ፣ ዲሲ! አንተ ልጅ፣ ተዋቸው፣ አታስቸግራቸው!" አሉት ሐጂ ሰልማን።

"ቪክ-ቹ-ዋልስ!" አለ ኢርፋን፣ ጭራሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ።

የቲቸር ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ሰልማን ሊመልሱላቸው አፋቸውን ሲከፍቱ መሊካ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለመነቻቸው።

"ቪ..." አሉ ቲቸር። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። "ቪ...ትልዝ።"

"አላሁ አክበር!" አለ ጠያቂው ሁሉ።

"ቪትልዝ!" ደገሙት፣ ተቆጥተው። ከዚያ ወደ ኢርፋን ዞሩ። "ሰ...ነፍ!"

ኢርፋን ስድብ እንዲህ ጣፍጦት አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሲሞላ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

መሊካ እስከ ባጃጁ ሸኘችው።

"አንተ ቀጣፊ፣ ባለፈው እኔን ስትፈትነኝ 'ሲጻፍ ቪክቹዋልስ ይመስላል፣ ሲነበብ ግን ቪትልዝ ነው' ብለህ አልነበር? ታውቀዋለህ! ልንገራቸው፤ ወንበሯን ይሰጡሃል።"

ኢርፋን በተከፈተው በር በኩል ወንበሯን አያት። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኛት ናት። ከዚያ ከባጃጁ መቀመጫ ስር መዝገበ ቃላቱን አውጥቶ፣ ጣቱን እያራሰ ገለጥ ገለጥ አደረገ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ገጹን አጠፈው።

"'ፍሌም' ይባላል፣ አክታ ማለት ነው" አላት። "ነገ ጠዋት 'ፍሌግም' እያልኩ እመጣለሁ። አንቺ ሐጂ ሰልማንን ብቻ ዝም አሰኚልኝ።"