ለእህል የተሠራ ባሌስትራ

የአሰላ ሰው ደግ ነው። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም። ደግነቱን እስከ ወገቤ ድረስ ቀምሼዋለሁ፤ ከወገቤ በታች ያለውን ደግሞ እሱው ወስዶታል።

ስሜ አሰግድ ገብረ መድህን ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከገበያው በታች በነበረው ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ሥራውን ያስተማረኝ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ የቀረ ጣሊያን ሲሆን፣ ሲሞት ሙያውንና ስድቡን አውርሶኝ ሄደ። ሙያው ዛሬ አይጠቅመኝም። ስድቡን ግን በየቀኑ እሠራበታለሁ።

ባልንጀራዬ ግዛቸው ያረጀ ካሚዮን ነበረው። በአዘቦት ቀን ከኢተያና ከአርቦዬ ስንዴ ይጭናል፣ በገበያ ቀን ሰው ያሳፍራል። የኋላው ባሌስትራ በጭነት ብዛት ተሰብሮበት አንድ ቀን ወደ እኔ መጣ። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሥር ተደራርቦ የታሰረ፣ ሸክሙን ሁሉ የሚችል ጎበጥ ያለ ብረት ነው። ብረት ሲጨመርበት ይጠነክራል፣ ሲቀነስለት ይለሰልሳል።

«ለምን ጭነት ልሥራልህ? ለእህል ነው ለሰው?» አልኩት።

«ለሁለቱም።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለሰው ካለሰለስኩት ስንዴ ስትጭን ይለመጥና ድንጋይ ላይ ይሰበርብሃል። ለእህል ካጠነከርኩት ደግሞ ባዶውን ስትነዳው እንዳልተገራ በቅሎ ይራገጣል። ካልከበደው አይተኛልህም።»

ግዛቸው ጺሙን እያከከ አሰበ። «ስንዴ አያጉረመርምም። ለእህል አድርገው» አለኝ።

ሦስት ብረት ጨመርኩበት። በሚቀጥለው ገበያ የተሳፈረው ሰው ወገቡን ይዞ ወረደና ካሚዮኑን «አጥንት ቆጣሪ» አለው። ሰው ቢሞላውም ለዚያ ባሌስትራ እንደ ባዶ ነበር። ግዛቸውም ለሚያማርሩት ሁሉ «ካልተመቻችሁ ጆንያ ሁኑ» ይላል። አፉ ክፉ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ከሰው ይልቅ እህል የሚወድ ስስታም ተባለ። ስንዴ ሲሞላ ግን ያ መኪና አልጋ ነበር። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እኔና ተሸካሚው ዲሪባ ብቻ ነን።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ካሚዮኑ ስንዴ ሞልቶ ወደ ናዝሬት ሊወጣ ሲል፣ ሸራውን አብሬው ላስር ጆንያው ላይ ወጣሁ። ገመዱን ስስብ ተበጠሰና በጀርባዬ ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። መነሣት አቃተኝ።

ከክሊኒኩ ድሬሰሩ ወልደ ጊዮርጊስ እየሮጠ መጣ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። እግሬን በመርፌ ወጋ ሲያደርገኝ ጮህኩ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ ቢለኝ አንቀሳቀስኩ። ደስ አለው።

«ወገቡ ተሰብሯል፤ ግን እግሩ ይሰማዋል» አለ። «አዲስ አበባ ሳትንጡት ካደረሳችሁት ይራመዳል። ከተናጠ ግን እንጃ።»

የተነቀለ በር ላይ አስተኝቶ በነጠላ አሰረኝ። አውቶቡሱ በማለዳ ሄዷል፤ ከግዛቸው ካሚዮን በቀር በአካባቢው መኪና አልነበረም። ግዛቸውም «በሉ ጆንያው ላይ እናውጣው» ብሎ በሩን በአንድ ጫፍ ያዘ።

ይሄን ጊዜ አባቴ ደረሰ። አባቴ ገብረ መድህን የደብሩ ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር ሰው ቆቡን ያወልቃል።

«የት ልታወጣው ነው?» አለ። «ልጄን ከጆንያ ጋር? ሬሳ እንኳ ከእህል ጋር አይጫንም። ቃሬዛ ሲያልፍ የጫነ አህያ ከመንገድ ይወጣል። አውርዱት ስንዴውን።»

«አባባ፣ ስንዴው ካለ መኪናው ይለሰልሳል» አለ ግዛቸው። «ባዶውን ከሄደ ይመታዋል። ለእህል ተብሎ የተሠራ ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ «ለባልንጀራው እንኳ ስንዴውን ሳሳ!» አለ። ሌላው ምራቁን ተፋ።

«አባዬ፣ እውነቱን ነው» አልኩ። «ባሌስትራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እባክዎ እህሉን አያስወርዱ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ዳበሰኝ። «አይዞህ ልጄ። በዚህ ሰዓት ለሰው ጥቅም አትጨነቅ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላየው ይሻለኝ ነበር። ነጋዴው ካፖርቱን አውልቆ፣ ዲያቆኑ ጥምጥሙን ጥሎ፣ ጠጅ ቤት ያደረው ሳይቀር ተረባርቦ ስንዴውን አወረደ። አባቴ በዚያ ዕድሜው አንድ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ሲንገዳገድ አየሁት። ሁሉም እያላበው ይመርቀኛል። በሕይወቴ ያን ያህል ተወድጄ አላውቅም፤ ያን ያህልም ፈርቼ አላውቅም።

በተጠረገው ካሚዮን ወለል ላይ ገለባ ጎዝጉዘው አስተኙኝ። አባቴ እጄን ይዞ በአንድ በኩል ተቀመጠ፤ ዲሪባ በሌላው ሆኖ በሩን ያዘ። ግዛቸው ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ነዳ። ምን ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ከጎማው ተነሥቶ ቀጥታ አከርካሪዬ ውስጥ ይገባል። ብረቱ የሚያስተኛው ክብደት አጥቶ ይራገጣል። ዲሪባ የሹፌሩን ጣሪያ በመዳፉ እየመታ «ሱታ፣ ኦቦ ግዛቸው! ቀስ በል፣ ሱታ!» ይላል። እኔ የግራ እግሬን አውራ ጣት እያንቀሳቀስኩ እመረምራለሁ። አለ። ገና አለ።

ኢተያ ስንደርስ ግዛቸው መኪናውን አቆመና ወደ ኋላ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። መንገድ ዳር አንድ የእህል መጋዘን ነበር።

«አባባ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ» አለ። «ከዚህ ጥቂት ጆንያ ልጫን። ናዝሬት ስንደርስ ለፈለጉት ይስጡት።»

«አሁንም ጭነት?» አለ አባቴ።

«ስንዴው ካስጠረጠረኝ ይቅር። አፈር ልጫን። ጆንያ ለምኜ አፈር ልሙላበት። የሚያስፈልገኝ ክብደቱ ነው።»

አባቴ ብድግ አለ። መቋሚያውን ሊያነሣበት ሲል ዲሪባ ያዘው።

«አፈር? ልጄ ሳይሞት በቁሙ አፈር አብሮ ይጫንበት? ምን ዓይነት ሟርተኛ ነህ!»

«አባዬ፣ ይጫን!» አልኩ። «አፈሩ ይጫን፣ አባዬ፣ እግሬን!»

አባቴ አለቀሰ። ልጁ ሞቱን የለመነ መሰለው። የኢተያ ሰው ተሰብስቦ ነገሩን ሲሰማ ግዛቸውን ይሰድበው ጀመር። አንዲት ሴት ትቢያ በተነችበት። ግዛቸው ተመልሶ መሪው ኋላ ገባ።

ከኢተያ ቁልቁል መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነበር። አንድ ድልድይ ላይ ስንወጣ መኪናው ነጠረና ወለሉ ከበታቼ ጠፍቶ ተመለሰ። ቀጥ ያለ ሙቀት በወገቤ አለፈ። ከዚያ ሕመሙ ቀለለኝ። አባቴ ፊቴ ሲፈታ አይቶ «ተመስገን፣ ተሻለው» አለ። እኔ አውራ ጣቴን ፈለግሁት። ዴራ እስክንገባ ድረስ ፈለግሁት።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪምም እግሬን በመርፌ ወጋ፤ አልተሰማኝም። ፋሲካን እዚያው ውዬ በሰው ክንድ አሰላ ተመለስኩ።

የከተማው ፍርድ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ግዛቸው ስንዴው ስለወረደበት ተናዶ በእልህ ነዳ ተባለ። በእግር ፍጥነት መምጣቱን ያየ ዲሪባ ቢናገር ማን ይሰማዋል። ነጋዴዎቹ እህላቸውን አናስጭንም አሉት። በመጨረሻ አባቴ ሽማግሌ ሰበሰበና ግዛቸው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ተበየነ። ይህን ሲያደርግ እንደገና ከሰው ይቀላቀላል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ግዛቸው አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ጎብጦ፣ አልጋዬ ሥር ቆመ። ላቡ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ድንጋዩን አውርደው» አልኩት። ወደ አባቴም ዞርኩ። «አባዬ፣ ግዛቸው ያጠፋው የለም። አሰላ ላይ ለመነዎት። ኢተያም ለመነዎት። እኔም ለመንኩዎት። እኔን የጎዳኝ መኪናው ባዶውን መሄዱ ነው። ባዶ ያስደረጉት እርስዎ ነዎት።»

አባቴ አየኝ፤ እንደገባው አየሁ። አልተሳሳትኩም፣ ገብቶታል። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«በሽታው ነው የሚያናግረው» አላቸው። «ልቡ ለባልንጀራው ሩኅሩኅ ነው።»

«እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ ሁሉም ተቀባብለው። ቀለል አላቸው።

ግዛቸው ድንጋዩን እንደተሸከመ፣ ወለሉን እያየ «ይቅር በለኝ» አለ። ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቅ ነበር። እኔ የማየው አባቴን ነበር። ሽማግሌው ሰውዬ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ይለምነኛል። ጠላሁት፤ አዘንኩለትም።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

መረቁንና ወጡ። ግዛቸው ሊሰናበተኝ እንኳ ቀና አላለም። በዚያው ወር ካሚዮኑን ይዞ ወደ አቦምሳ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ያን ዕለት አባቴ ብቻውን ቀረ። ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብሎ ጋቢዬን ሳብ አደረገና እግሮቼን ሸፈናቸው፤ እንደ ሕፃን ዳር ዳሩን ጠቀጠቀልኝ።

«እግርህን በረደህ?» አለኝ።

«እንጃ፣ አባዬ» አልኩት። «እርስዎ ዳብሰው ይንገሩኝ።»