ለአርባው ሊተኮስ የነበረው ነፍጥ

«ጅቡ ሲያመልጥስ ነፍጡን ምን አደረግኸው?»

«ዝናቡ መቀስቀሻውን ባሩድ አርሶብኝ አልነድ አለ። እንደ ጎረሰ ነው።»

«ኧረ አውጣው! ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።»

«ይደርሳል፤ ነገ...»

ካሣነሽ ይህን የሰማችው ሕፃን ሳለች፣ መደብ ላይ በደበሎ ተጠቅልላ ነው። ጠያቂው አባቷ ተስፋሁን፣ መላሹ አጎቷ ማሩ ነበሩ። ከ«ነገ» በኋላ ያለውን እንቅልፍ ወሰደባት። በጆሮዋ ሰምታው ይሁን በሕልሟ፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም።

ሁለቱም አርፈዋል። የአባቷ አርባ ስለ ደረሰ ታናሽ ወንድሟ አለበል ከመካነ ኢየሱስ ከተማ መጥቶ፣ በተዝካሩ ቀን ለክብራቸው ሊተኩሰው ያን አሮጌ ነፍጥ ከግድግዳው አውርዶታል። ባሩድም ከሰው አግኝቷል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳታል።

«ይኸውልሽ፤ ባሩዱን በአፈሙዙ ትጨምሪያለሽ። የእርሳስ አረሩን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከላዩ ትሰጅና በዘንግ ትጠቀጥቂዋለሽ። ጎኑ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ደግሞ ቆንጠር አድርገሽ መቀስቀሻ ታደርጊና ክዳኗን ትመልሻለሽ። ባልጩት የነከሰውን ይህን መዶሻ ወደ ኋላ ስበሽ ምላጩን ስትነኪው፣ ባልጩቱ የብረት ክዳኗን ገጭቶ ይከፍታታል፤ ፍንጣሪው ጎድጓዳዋ ላይ ያርፋል። እሳቱ በዚች ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባና ድው!»

«መጀመሪያ ያለው ሳይወጣ?»

«የምን ያለው?»

የሰማችውን ነገረችው። አለበል ከት ብሎ ሳቀ።

«እታለም፣ ጥርስ ሳትነቅዪ የሰማሽውን ዛሬ ታወሪያለሽ! አያ ማሩ እንደሆኑ ጅብ የሚገድሉት በአፋቸው ነበር።»

«ይሁን። ባለበት ላይ ብትደርብበትስ? ብረቱ የሚፈነዳው ፊትህ ላይ ነው። የአባዬ ሐዘን መች ወጣልኝና!»

«እና በምን ይታወቃል? ውስጡ ጨለማ ነው።»

«ጎታዬ ውስጥ ገብስ መቅረቱን በምን አውቃለሁ? ዱላ ሰድጄ አይደለም?»

አለበል እየሳቀ ዘንጉን ሰደደ። ጠቅ ብሎ ቆመ። አፈሙዙ ጋ በጣቱ እንደያዘ አወጣና ከብረቱ ጎን አስተኝቶ ለካው። ጫፉ ቀዳዳዋ ጋ መድረስ ሲገባው ብዙ ቀርቶታል። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የባሩዱን ቀንድ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

ካሣነሽ አማተበች እንጂ «አላልኩህም?» አላለችም። ውኃ አምጥታ ነፍጡን አቁመው ሞሉት፤ እንዲርስም ተዉት። በማግስቱ አለበል በዘንጉ ጫፍ የተጠማዘዘ ሽቦ አስሮ ጎረጎረው። የበሰበሰ ጨርቅ እየተቦጨቀ ወጣ፤ ዘቅዝቆ ቢመታው አረሩ ዱብ አለ፤ ከኋላው ጭቃ የመሰለ ባሩድ ተዘረገፈ። እንደገና ቢሰድደው ዘንጉ እስከ ታች ወረደ።

«እፎይ! ተመስገን ጌታዬ» ብላ ካሣነሽ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቋም መጣ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ራስጌያችን ነበረ እኮ!» አለ አለበል።

«ጠባቂ ነበረና።»

«ታዲያ አባዬ ያለ ተኩስ ይቅሩ?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ባሩድ የበላውን ብረት አላምነውም፤ ነፍጣቸው ከታየ ይበቃቸዋል። ተሸከመውና እያወደስካቸው ዙር።»

«ባዶ ነፍጥ ተሸክሞ ብለው ይስቁብኛላ!»

«ይሳቁ። አንተም በሁለት ዓይንህ ታያቸዋለህ።»

አለበል ሳያስበው ፊቱን ዳበሰ። «እሺ» አለ። ባሩዱን ለሰጠው ሰው ሊመልስ፣ በተዝካሩም ቀን ባዶውን ነፍጥ በትከሻው አድርጎ በሰው ፊት አባቱን ሊያወድስ ተስማማ።