የተዋሱት ድስት

እትዬ ሸዋዬ ጎድጓዳውን ሳህን ጭናቸው ላይ ገልብጠው፣ በልጃቸው በሜሮን ቀይ የጥፍር ቀለም ከሥሩ ሦስት ነጠብጣብ አሳረፉበት። እፍ እፍ አሉበትና ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። ሦስት ነጠብጣብ ሦስት ልጅ ማለት ነው። የማን ልጆች እንደሆኑ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሚሊኒየሙ ተጨፍሮበት ገና ዓመት ሳይሞላው የእህል ዋጋ ጣራ ነክቷል። እዚህ ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ እሳቸው ሰፈር ውስጥ፣ ምድጃቸው ሳይነድ የሚያድሩ ቤቶች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። «ችግረኛ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በቀላሉ አይላጥም። እትዬ ሸዋዬ ሃያ ሰባት ዓመት በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሠሩ ሴት ናቸውና ነገሩን በሚያውቁት ያዙት፤ በዕቃ። ማክሰኞ ማክሰኞ በየቤቱ ይዞራሉ። «እስቲ ሳህንሽን አውሺኝ፣ እንግዳ መጥቶብኛል» ይላሉ። ሐሙስ ይመልሳሉ። የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሳህኑ የበቆሎ ዱቄት ሞልቶ ይመለሳል።

«ምነው እትዬ፣ ምን አስቸገረዎት?» ትላለች የሳህኑ ባለቤት።

«ስላዋስሽኝ ነዋ» ይላሉ። ሌላ ነገር አይነሳም።

እህሉን አቅም ያለው ሰው ወፍጮ ቤት ለደበሌ ይተዋል። ደበሌ በነፃ ይፈጫል። ዱቄቱ ቀበሌው በፈቀደላቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ይቀመጣል።

ፊልሞን ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሲገባ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እዚሁ ሰፈር ያደገ፣ የአስካለ ልጅ ነው፤ ቀበሌ ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም።

«እትዬ፣ ጥፍር መቀባት ጀመሩ እንዴ?»

«አዎ፣ ልዳር ነው። ቁጭ በል።»

አልተቀመጠም። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ቅጽ አወጣ። «የተረጂዎች ስም ዝርዝር ተፈልጓል። ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ቅዳሜ ጉዱማሌ አደባባይ ይሰበሰቡና ከኃላፊዎች እጅ ይቀበላሉ። ፎቶም አለ።»

«ከኃላፊዎች እጅ? በቆሎው የማን ሆነና?»

«የሕዝብ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሕዝቡ ሰጥቶ ጨርሷል።»

«እኔም ከላይ ታዝዤ ነው። እስከ ሐሙስ ዝርዝሩ ካልገባ ክፍሉ ይታሸጋል።»

«እኔ ተረጂ የለኝም። ዕቃ ያዋሱኝ ሰዎች ናቸው ያሉኝ።»

ፊልሞን ሳቀ፤ ቅጹን ግን የሳህኖቹ ክምር ላይ ትቶት ሄደ።

በዚያ ማክሰኞ የቀረቻቸው አንድ ቤት ነበረች፤ የብዙአየሁ። ከፋብሪካ ሥራዋ ከተቀነሰች አራተኛ ወሯ ነው፤ ባሏ አልጋ ላይ ነው። የዝርዝሩና የፎቶው ወሬ ግን ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቻ አነጋገረቻቸው።

«ዕቃ የለኝም፣ እትዬ። ሁሉም ተሰብሯል።»

ከትከሻዋ በላይ ሰማያዊው የብረት ድስት ከነክዳኑ መደርደሪያው ላይ ይታያል።

«ድስትም ይሰበራል?»

«የእኔ ይሰበራል።» ዓይኗን አልሰበረችም። «ልጆቼ ጉዱማሌን የሚያውቁት የፊቼ በዓል ሲከበር አምረው ወጥተው ነው። ለፎቶ አላሰልፋቸውም። እርስዎም ክፍሉ ከሚታሸግ ስሜን ቢሰጡ አልፈርድብዎትም።»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ አንዱ ልጅ ሲያስል ተሰማ። አራት ልጆች፣ ያለ ምንም ነገር እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ። እትዬ ሸዋዬ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያናደዳቸው ፊልሞን አልነበረም። «አልፈርድብዎትም» መባላቸው ነው። ስሟን እንደሚሰጡ አስቀድማ አምናለች ማለት ነው!

ቤታቸው አልገቡም። ያን ቀንና ረቡዕን ሙሉ በር ሲያንኳኩ ዋሉ። በዚህ ጊዜ ግን ያልቸገረውንም ጭምር ነበር፤ መምህር በኃይሉን፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል የምትሠራዋን ሄራንን፣ የፊልሞንን እናት አስካለን ሳይቀር። «ሐሙስ ጠዋት ደበሌ ወፍጮ ቤት ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ቢሞላም ባይሞላም፣ ኑ» አሉ። ዱቄቱንም በጋሪ አስጭነው ደበሌ ዘንድ አዞሩት።

ሐሙስ ፊልሞን ሲደርስ ሰልፉ ከወፍጮ ቤቱ በር እስከ አስፋልቱ ተዘርግቷል። ድስት፣ ባልዲ፣ ትሪ ያልያዘ የለም። ደበሌ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ይጮኻል፤ «ኧረ የማን ሰርግ ነው? የሕፃን መታጠቢያ ይዞ የመጣው ማነው?»

እትዬ ሸዋዬ የቀበሌውን ክፍል ቁልፍ ለፊልሞን ዘረጉለት። «ባዶ ነው። ማሸግ ትችላለህ።»

«እትዬ፣ አያስቸግሩኝ። ከእነዚህ ውስጥ ተረጂው የቱ ነው?»

«ጠይቃቸዋ።»

ወደ መምህር በኃይሉ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎም?»

«ሳህን ነው ያዋስኩት» አሉ መምህሩ። «በሳህን መታሰር ተጀመረ እንዴ?»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ፊልሞን አንገቱን ሲያቀረቅር ዓይኑ ማክሰኞ ከተሰበሰቡት ጋር ተቀላቅለው በሩ ሥር በተደረደሩት ዕቃዎች ላይ አረፈ፤ አንዱን፣ ከንፈሩ አረንጓዴ የሆነውን ሳህን አነሳው።

«ይሄ የእማዬ ነው» አለ። ገለበጠው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ገለበጠ፤ ቀጥሎም ሌላ። «የእማዬ ንጹሕ ነው። እነዚህ ግን ነጠብጣብ አላቸው።» እፎይታ ፊቱ ላይ ብልጭ አለና መልሶ ጠፋ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ዝርዝር ነው።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ሸዋዬ የተገለበጡትን ሳህኖች አዩ። እውነቱን ነው። ወረቀቱን እምቢ ብለው፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልማዳቸው ሳህን ላይ አስፈርሟቸዋል።

«አሁን እፎይ ያልከው ለምንድን ነው?» አሉት በለሆሳስ። «እናትህ ምልክት ስለሌላት አይደለም?»

እትዬ ሸዋዬ ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«ሄራን፣ አሴቶን ይዘሻል?»

ሄራን ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ጠርሙስ አወጣች። እትዬ ሸዋዬ ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ያጠፉት ጀመር። ሰው ሁሉ እያየ፣ ፊልሞንም እያየ።

«ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ይለዩታል?» አለ ፊልሞን።

«ሰው የራሱን ዕቃ አያጣውም። ለኃላፊዎችህም፣ የተዋሱት ዕቃ ተመልሷል በላቸው።»

ፊልሞን ቅጹን በአራት አጠፈው። ትንሽ እንደ ማመንታት አለና የእናቱን ሳህን ከሌሎቹ መሃል መልሶ አስቀመጠው። ቁልፉን ይዞ ወደ ብስክሌቱ ሄደ። ያሽገው አያሽገው እትዬ ሸዋዬ አልጠየቁትም። ቀና ሲሉ ብዙአየሁ ፊታቸው ቆማለች፤ ሰማያዊውን ድስት በብብቷ ይዛለች።

«ሰፈሩ በሙሉ ሲያዋስ የእኔ ድስት ምን አጠፋ?»

«ተሰብሯል አላልሽም?»

«ተጠገነ።»

ተቀብለው ገለበጡት። ያለፈው ሳምንት አራት ነጠብጣብ ደብዝዞ ይታያል። እሱንም እስኪለቅ አሹት። ድስቱን አቀኑት፣ ዱቄቱን ጠቅጠቅ አድርገው ሞሉት፣ ከንፈሩን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ክዳኑን ገጠሙና ደፉ ላይ አኖሩት።