እጅህን ኪስህ ክተት

ጠርሙስ በሁለት ጉልበታችሁ መሐል ይዛችሁ ክዳኑን በጥርሳችሁ ለማዞር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬያለሁ። ስሜ ሸዋረጋ ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ አራት። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ ሳንታ ሞኒካ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥፌያለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ፓልምስ ሰፈር ባለው አፓርታማዬ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ አውራ ጣት ከምታህል የፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር በጥርሴ ስታገል ነበር።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ፈሳሽ ነው። ኒኮቲን አለበትና ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው ተደርጎ ተሠርቷል፤ ወደ ታች እየተጫኑ ማዞርን ይጠይቃል። እሱን አልቃወምም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። በኛ ሰው ዘንድ ሴት ስታጨስ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፤ ብላችኋልም። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሐኪሜ የሳንባዬን ምርመራ ውጤት ፊቴ ዘርግታ፣ "ሁሉንም ብትተዪው ጥሩ ነበር፤ እሱ ካቃተሽ ግን ሲጋራው ይቁም" አለችኝ። ማስቲካውንም፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውንም ሞክሬ አልሆነልኝም። የቀረኝ ቬፕ ነበር። ችግሩ እጄ ነው። አርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ ሕመም የሁለቱንም እጆቼን ጣቶች አጣሟቸዋል። ጠዋት ጠዋት ቡጢ መጨበጥ አልችልም፤ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተጋግዘው ሳንቲም አያነሡም። እንግዲህ ነገሩ ይህ ብቻ ነው፦ ሲጋራ ማቆም አለብኝ፤ ለማቆም ደግሞ ማንንም ሳልለምን በነዚህ እጆች የምይዘውና ቻርጅ የማደርገው ነገር ማግኘት አለብኝ።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የዓለምሰገድ የቬፕ ሱቅ አለ። የራሳችን ሰው ነው ብዬ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ። ሻጩ ኪሩ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጢማም ነው፤ እናቱ በሥርዓት አሳድጋዋለች፤ አንቱታ አይዘነጋም።

"እትዬ፣ እንደምን ዋሉ! ለጋሼ ነው?"

"የትኛው ጋሼ?"

"ማለቴ... ባለቤትዎ..."

"ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ አጭሶ አያውቅም። የማጨሰው እኔ ነኝ።"

ኪሩ ዞር ብሎ በሩን አየ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው ሰምቶ እንደሆነ ማረጋገጡ መሰለኝ።

"ኖ ፕሮብለም፣ እትዬ። ሶ፣ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ?"

"እጄ ታማሚ ነው። ለእንዲህ ዓይነት እጅ የሚሆን።" ሁለቱንም የመደርደሪያው መስታወት ላይ ዘረጋሁለት። ምራቁን ዋጠ። ሰው እጄን ሲያይ እንዲህ ያደርጋል።

ሄደና ከሁሉ ይበልጣል ያለውን አመጣ፤ ሳሙና የሚያህል፣ እንደ መዶሻ የሚከብድ ብረት፣ አናቱ ላይ ፈሳሹ የሚሞላበት የመስታወት ታንክ የተገጠመለት። ልይዘው እጄን ስዘረጋ፣ "ይተዉ፣ እትዬ! እኔ እያለሁ!" አለኝ። የጠርሙሷን ክዳን ተጭኖ ከፈተ። የታንኩን አናት ፈታ፤ ሞላ፤ መልሶ አሰረ። ትንሿን ቁልፍ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫነና መብራቷ በራ። ከዚያ ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ አቀበለኝ። ሳብኩ። ጥሩ ነበር። ገዛሁ።

አሁን ልብ በሉ። ከኢሚግሬሽን ጀምሮ እስከ ሆቴሉ ማናጀር ያልተጣላሁት ሰው የለም። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ "ይተዉ" ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። ይህን ስሕተት ከእኛ በቀር የሚሠራው ያለ አይመስለኝም፦ ሻጩ ታላቁን ለማክበር ዕቃውን አያስነካም፤ ገዢዋ አክባሪዋን ላለማሳፈር "አምጣ ልሞክረው" አትልም፤ ተመራርቀው ይለያያሉ። መሣሪያውን ስገዛ የኪሩን ጣቶች አብሬ የገዛሁ መስሎኝ ነበር። ጣቶቹ ሱቅ ቀሩ።

በሁለተኛው ቀን ታንኩ ባዶ ሆነ፤ አናቱ አልፈታ አለኝ። በፎጣ፣ በላስቲክ ጓንት፣ በፒንሳ ሞከርኩ። ቁልፏ ቦርሳዬ ውስጥ ተደጋግማ ተነክታ መሣሪያው ስለጠፋም መልሶ ማብራት አቃተኝ፤ ከአምስቱ ንክኪ ሦስተኛው ላይ አውራ ጣቴ ቀጥ ይላል። ጠርሙሷን ስነክሳት ደግሞ ክዳኗ ሳይሆን አንገቷ ተሰነጠቀና ፈሳሹ ከንፈሬ ላይ ፈሰሰ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አፌን ተጉመጠመጥኩ፤ ራሴን አዞረኝ። ሲሻለኝ በረንዳ ወጥቼ ሲጋራ ለኮስኩ። በዚያን ቀን ስድስት አጨስኩ።

በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ።

"ኪሩ፣ እጅህን ኪስህ ክተት።"

"አቤት፣ እትዬ?"

"ሁለቱንም እጅህን ኪስህ ክተት። እስክልህ ድረስ እንዳታወጣ።"

ሳቀ። አልሳቅሁም። ከተተ።

"አሁን ያለህን ሁሉ በአፍህ አስረዳኝ። የምነካው እኔ ነኝ።"

"በአፌ ብቻ እንዴት አድርጌ?"

"አሥር ዓመት ያስተማርኩት በአፌ ነው። ጀምር።"

መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሰማያዊ ነበር።

"እሱን እየሳቡ በተኑን፣ ቁልፉን፣ መጫን አለብዎት።"

"ስንት ጊዜ?"

"በሳቡ ቁጥር።"

"ወደዚያ።"

ሁለተኛው እንደ እስክርቢቶ የቀጠነ ነው። ኪሩ "ይኼ ቀላል ነው፣ ላይት ነው" አለ። ክብደቱስ ቀላል ነው፤ ግን ቀጭን ነገር ለመያዝ ጣት ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ለታመመ እጅ ወፈር ያለ ይሻላል። ይህን ያወቅሁት የማንኪያዬ እጀታ ላይ ስፖንጅ ስጠመጥም ነው። ሦስተኛው እንደ ቀድሞው የመስታወት ታንክ ነበረው፤ አናቱን ልፈታ ስታገል አመለጠኝና ወለሉ ላይ ተሰበረ። የኪሩ እጆች ከኪሱ ዘለሉ።

"ኪስ!" አልኩት።

"እትዬ፣ መስታወት ነው፣ ይቆርጥዎታል!"

"ጥረገውና ወደ ኪስ ተመለስ።"

ጠረገና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ፤ አፉን ብቻ ማንቀሳቀስ ሲለምድ ዓይኑ እጄ ላይ መዋል ጀመረ። ምራቁን መዋጥ ተወ። የትኛው ጣቴ እንደሚታጠፍ፣ የትኛው እንደማይታጠፍ ይከታተል ጀመር።

"ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ። ከታች መሳቢያ ውስጥ አንድ አለ። ሰው አይገዛውም፤ አሪፍ አይመስልም።"

"እኔም አሪፍ አልመስልም። የቱ ነው?"

መሳቢያውን በመዳፌ ጎትቼ አወጣሁት። ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፤ መዳፍ ላይ ራሱ ይቀመጣል። ቁልፍ የለውም፤ ሲስቡት ይሠራል። ፈሳሹ ተሞልቶ በታሸገ ካርትሪጅ ነው የሚመጣው፤ ካርትሪጁን ቀዳዳው ላይ ሲጥሉት ማግኔት ይስበዋል። ቻርጀሩም ማግኔት ነው፤ ላዩ ላይ ማስቀመጥ ብቻ። የቀረችው እንቅፋት ካርትሪጁ ላይ ያለች የጎማ ቆብ ናት። በጥፍር ትላጣለች ይላል ወረቀቱ። ጥፍሬ አይችልም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ በመዳፌ ገፋሁት፤ ወለቀች። ካርትሪጁን ጣልኩት፤ ጠቅ አለ። አወጣሁት፤ መልሼ ጣልኩት። አምስት ጊዜ። በአምስተኛው ኪሩ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ዘለለ።

"ዋው፣ እትዬ! ያለ ማንም!"

በዚህ መሐል ዓለምሰገድ ከጓዳ ወጣ። የሱቁ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የአረጋውያን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። እኩያዬ ነው፤ አብረን ነው ያረጀነው።

"ሸዋረጋ፣ ምን ሆነሽ ነው? መስታወት ሲሰበር ሰማሁ።"

"እከፍላለሁ። ዕቃ እየመረጥኩ ነው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በዚህ መስኮት ፊት? ሰው ሁሉ በሚያልፍበት?"

"ለሱቁ መስኮት ያወጣህለት አንተ ነህ።"

"እሱማ ለወጣቶቹ ነው።"

"ለወጣት ሳንባ ይስማማል ማለትህ ነው?"

"አንቺ ደግሞ ነገር መጠምዘዝ! ምናለ ከሰው ጋር ብትመጪ? ከቤተሰብ ጋር፣ በሥርዓት።"

"ሲጋራዬን የለኮሰልኝ ቤተሰብ አልነበረም። ለማቆም ምን ያደርግልኛል?"

ኪሩ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን ወደ ትከሻው ቀበረ። እጁን ማውጣት አልቻለማ። ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጋራ አልነካሁም። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን። ጠዋት እጄ እንደ እንጨት በደረቀበት ሰዓት እንኳ ካርትሪጁን ጠረጴዛው ላይ እገፋለሁ፤ ጠቅ ይላል። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ካርትሪጅ ልጨምር ስሄድ የሱቁ መስኮት ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፦

"ውድ ደንበኞቻችን፣ በዕድሜ የገፉና እጃቸው የደከመ ወገኖቻችን ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል ከቤተሰብ አባል ጋር ብቻ እንዲመጡ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።"

በአማርኛ ብቻ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የለም። እጁ የደከመ ፈረንጅ ብቻውን ይገባል ማለት ነው።

ገባሁ። ኪሩ ቀና ብሎ አላየኝም።

"እትዬ፣ ከኔ አይደለም። ብቻዎን ከሆኑ እንዳልሸጥ ተነግሮኛል።" ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ሶ... እኔ ቤተሰብ ልሁንዎት? የእኅታቸው ልጅ ነኝ እላለሁ። ማን ያውቃል?"

እውነቱን ልናገር፤ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። ቤት ያለኝ ግማሽ ካርትሪጅ ብቻ ነው፤ እሱ ካለቀ ምን እንደምለኩስ አውቃለሁ።

"ደግ ሰው ነህ፣ ኪሩ። ግን ዛሬ የእኅቴ ልጅ ከሆንክልኝ ወረቀቱ ትክክል ነው ማለት ነው።"

ሳልገዛ ወጣሁ። ክሬንሾው ሰፈር ሌላ የቬፕ ሱቅ አለ ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል የካርትሪጁን ሳጥን ገፋልኝ። አመሰገንኩት፤ ከልቤ ነው። ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

ታዲያ ከሌላ ቦታ ካገኘሽ ምን ያስጮኽሻል ትሉኛላችሁ። ያስጮኸኝ ጌታሁን ነው። እውነተኛ ስሙ ይህ አይደለም፤ ልጆቹ ያነብባሉ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር፤ የሁለቱም እጆቹ አንጓ ተበላሽቷል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘሁት። ማስቲካ ያኝካል፤ ጃኬቱ ግን ሲጋራ ይሸታል።

"ያን ያንቺን ዓይነት ልገዛ ሄጄ ነበር" አለኝ። "ወረቀቱን አነበብኩና ተመለስኩ።"

"ልጅህን ይዘህ አትሄድም?"

"ሸዋዬ፣ አብደሻል? ልጆቼ እንደማጨስ መች ያውቃሉ! ሠላሳ ዓመት የደበቅሁትን ለአንድ ፕላስቲክ ብዬ ላውጣው?"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"ምን አደርጋለሁ?" ብሎ የጃኬቱን ኪስ መታ መታ አደረገ። ፓኬቱ እዚያው ነበር።

እንግዲህ የምቃወመው ይህን ነው። ከእኛ መሐል አባቱ ፊት፣ እናቱ ፊት፣ ልጁ ፊት የሚያጨስ አረጋዊ ማን ነው? ማንም። በረንዳ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ቆሻሻ መጣያው ጀርባ ነው የሚጨሰው። ዓለምሰገድ ይህን ከኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ከኛው ጋር ነው ያደገው። ስለዚህ አንድን ያረጀ የሐበሻ አጫሽ "ከቤተሰብ ጋር ብቻ ና" ማለት "አትምጣ፣ ሲጋራህን አጭሰህ ሙት" ማለት እንደሆነ ሳያውቅ አልጻፈውም። ሳያውቅ ከሆነም ሊቀ መንበርነቱ ምኑ ነው? ያፈረው በኔ እንጂ በጌታሁን አልነበረም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጌታሁን ነው።

ትናንት ሁለት የማኅበራችን ሰዎች ብርቱካን ይዘው ቤቴ መጡ። ወረቀቱ በቅን ልቡና የተለጠፈ ነው፣ ነገሩን በቤት እንጨርሰው፣ አንቺም አትጻፊ አሉኝ። ከናንተ መሐል ልጁን ይዞ ሲጋራ ማቆሚያ የሚገዛ ማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አንደኛው እየወጣ፣ ሌላው እንዳይሰማው ዘግየት ብሎ፣ የክሬንሾውን ሱቅ አድራሻ ጠየቀኝ።

ዓለምሰገድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ አለ። አጀንዳ የምታስይዘው አንተ ነህ፤ ይህን አንደኛ አድርገህ አስይዘው። ስልክ አትደውልልኝ፤ ሽማግሌ አትላክብኝ፤ ወረቀቱን ማንም ሳያይ ላጥ አድርገህ "የምን ወረቀት?" አትበለኝ። ማይክሮፎኑን ያዝና ለሁላችንም ንገረን፦ አንድ አረጋዊ በገዛ እጁ ሲጋራ ለመተው ሱቅህ ሲመጣ ማንን ማስፈቀድ አለበት? በሰው ፊት መልስ።