የድራመሯ ፊት

መምህርቷ ምስሉን አቁመው፣ "እስቲ ቁጠሩልኝ፤ የሴቲቱ ፊት ስንት ጊዜ ታየ?" ብለው ሲጠይቁ ኤዲተሯ አንገቷን ደፋች። መቁጠር አያስፈልጋትም። አንድም ጊዜ አልታየም። ያንን የሮክ ባንድ ቪዲዮ ስምንት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ የቆራረጠችው እሷ ናት፤ ድራም የምትመታዋ ደግሞ ታናሽ እህቷ።

ሙያዬን ላሻሽል ብላ በገባችበት በዚህ የቅዳሜ የቪዲዮ ትንተና ክፍል ይህንን የሚያውቅ የለም። ከስንቱ ቪዲዮ መሐል ይኸው ይመረጥ? የጉድ ቀን ነው።

ተማሪዎቹ ግን ጨዋታው ደርቶላቸዋል። በጥቁርና ነጩ መሐል ብልጭ የሚለው ቀይ መብራት፣ ዘፋኙን ከታች ወደ ላይ እያየ ግዙፍ የሚያደርገው ካሜራ፣ ያልተነሣ ነገር የለም። ወንዶቹ ላብ በላብ ሆነው፣ ደም ሥራቸው ተገታትሮ ይታያሉ። ሴቲቱስ? ዳሌ፣ የፀጉር ጫፍ፣ ቀለም የተቀባ ጥፍር። ጥግ የተቀመጠ ቀልደኛ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት አልተፈጠረላትም እንዴ ሲል ክፍሉ አውካካ። ኤዲተሯም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ሁሉም ሲስቅ ብቻዋን ልታኮርፍ ነው?

ከጎኗ ያለችው ተማሪ፣ ዳይሬክተሩ ወንድ ስለሆነ ሴትን በቁራጭ ነው የሚያያት ብላ ፈረደች። መምህርቷ ወደ ኤዲተሯ ዞሩ።

"አንቺስ? ዛሬ ድምፅሽ ጠፋ።"

"እኔም... የዳይሬክተሩ ሥራ ይመስለኛል።"

ውሸቷን ነው። ዳይሬክተሩ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ፊቷን ቁረጪ አላላትም። ሥራውን እንኳ በጥድፊያ አንዴ አይቶ ነው ያሳለፈው። እህቷ ድራም ስትመታ አፏን ታጣምማለች፣ ምላሷን ታወጣለች። ኤዲተሯ ያንን ስታይ እሷው ተሸማቀቀች። እናታችን ብታየውስ፣ ነገ የሚያገባትስ ምን ይላል እያለች ፊቷን ከያለበት ለቅማ ጣለችው። የዘፋኙ ፊትም እኮ ከዚያ ብሶ ተጣሞ ነበር፤ እሱን ግን አልነካችውም። ይህንን ልብ ያለችው ገና ዛሬ፣ ማን እንዴት እንደታየ የሚመዘገብበትን የትንተና ሠንጠረዥ ስትሞላ ነው።

እህቷ ቪዲዮውን ባየች ማግስት ዳይሬክተሩን፣ ፊቴን ያስቆረጥከው አንተ ነህ ብላ፣ የባንዱ ልምምድ ቦታ ላይ በሰው ፊት አዋርዳዋለች። ኤዲተሯ ይህን ሰምታ ዝም አለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ መልእክት ደረሳት፤ እህቷ ሰባት ዓመት የለፋችበትን ባንድ ልትለቅ ነው፤ ይህንንም ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ልምምድ ቦታው ሁሉም ሲሰበሰብ ትነግራቸዋለች።

ዕረፍት ሲሆን ኮሪደር ላይ ወጥታ ደወለች።

"ፊትሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

እህቷ፣ "ለምን?" አለች።

"ስትመቺ አታምሪም ብዬ።"

"እታለም፣ እኔ እኮ ላምር ብዬ አይደለም የምመታው።" አለች ታናሿ። "ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ሰድቤዋለሁ። እያወቅሽ ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ። ፈራሁ።"

"እንግዲያው ስምንት ሰዓት ላይ ልምምድ ቦታው ነይና እሱ ባለበት ለባንዱ ልጆች ንገሪያቸው። ካልመጣሽ ደግመሽ እንዳትደውዪልኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ኤዲተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ብትሄድ ሥራዋን ልታጣ ነው፤ የቤት ኪራዩም የእናቷ መድኃኒትም የሚሸፈነው ከዚያው ነው። ብትቀር እህቷን ልታጣ ነው። በየትም በኩል መውጫ የለም። ልሂድ ብትልስ ምላሷ ይታዘዝላታል? ሰው ፊት ስትቆም ሁልጊዜ ይተሳሰርባታል። እዚሁ ልሞክረው አለችና ወደ ክፍል ተመልሳ፣ ሳትቀመጥ እጇን አወጣች።

"መምህርት፣ ቅድም ዋሽቻለሁ። ዳይሬክተሩ የለበትም። ፊቷን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እህቴ ናት።"

መምህርቷ በቀስታ፣ ቁጭ ብለሽ አስረጂን አሏት።

"አልቀመጥም" አለች፣ ቦርሳዋን እያነሳች። "ይህንኑ ሌላ ቦታ ሄጄ መናገር አለብኝ።"